ፀሐይዋ የማን ናት? የልደታ ኮንዶሚኒየም ክርክር

አወያይ፦
ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ደረጃው ላይ ቆመን የጀመርነው ክርክር ሳይቋጭ መብራቱ መጣና ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። በሉ እዚሁ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ በ2010 መተሐራ ላይ 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለመሥራት የጣሊያኑ ኤኔል ከአገር ውስጥ አጋሩ ጋር ጨረታ አሸንፎ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ጣቢያው አልተሠራም። የእኛ ጥያቄ ግን ስለ ኩባንያው አይደለም። እንዲህ ያለ ትልቅ የሶላር ጣቢያ ገጠር ቢተከል ለአካባቢውም ለሰዉም ይበጃል ወይ? ነው። እኔ ይበጃል ባይ ነኝ። አወያይ ስለሆንኩ አፌን ይዤ ለመቆየት እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።

ባለ ምጣዷ፣ 3ኛ ፎቅ፦
እኔ ልጀምር፤ ትናንት የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ሊጡን አዙሬ አክንባሎውን ከመክደኔ ድርግም። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። በሹካ ነው የፋቅሁት። የቀረው ሊጥ እስኪነጋ ኮምጥጦ ጠበቀኝ። ለእኔ መብራት ከፀሐይም ይምጣ ከውሃ ግድ የለኝም። ግን አንድ ነገር አስረዱኝ። ጳጉሜን 2017 አባይ ተመርቆ የለ? 5,150 ሜጋ ዋት ተብሎ እልል ብለን የለ? ታዲያ 100 ለመጨመር ብሎ የሰው መሬት መንካት ምን የሚሉት ነው?

ጋሼ፣ ምድር ቤት፦
ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ዕድሜዬን ሙሉ መስመር ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ትናንት የጠፋብሽ አገሪቱ ኃይል አጥታ አይደለም። ማመንጨት ሌላ፣ እስከ ምጣድሽ ማድረስ ሌላ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲለኩስ ትራንስፎርመሩ አይችልም። ሶላር ይተከል የሚሉ ሰዎች መብራትሽ ከእንግዲህ አይጠፋም ካሉሽ ዋሹሽ፤ መተሐራ ላይ የተደረደረ ፓነል የልደታን ትራንስፎርመር አይቀይርም።

ታዲያ ለምን እደግፋለሁ? ከምናመነጨው ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሆነ። ግንቦት 2011ን ረሳችሁት እንዴ? ግልገል ጊቤ ሦስት ላይ ውሃው ወርዶ አገር ምድሩ በፈረቃ ሆነ። ያ ግድብ እኮ 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ ቀላል አይምሰላችሁ። ተርባይን ውሃ ካጣ ብረት ነው።

ዘዴው ይኼ ነው። ቀን ፀሐይዋ ትሥራ፣ ውሃው ግድብ ውስጥ ይቀመጥ። ማታ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲያበራ ውሃው ይለቀቅ። ሌላው ዓለም በውድ ባትሪ የሚገዛውን እኛ በግድብ አለን። ደግሞ እዩት፤ በጋ ግድቡ ሲጎድል ፀሐይ ይበረታል። ክረምት ደመናው ፀሐይን ሲጋርድ ግድቡ ይሞላል። አንዱ ሲደክም አንዱ ይነሣል። እንዲህ የሚገጥም ጋብቻ እኔ አላየሁም።

ባለሱቁ፣ 2ኛ ፎቅ፦
ጋሼ ሲናገሩ ደስ ይላል። ግን 100 ሜጋ ዋት 100 ነው ወይ? እስቲ ይንገሩን።

ጋሼ፦
አይደለም። 100 የሚሆነው ሰማይ ጥርት ሲል እኩለ ቀን ላይ ነው። ሌሊቱና ደመናው ተቆጥሮ በዓመት ሲካፈል ሩብ ያህሉ ነው። ይኼም ቢሆን ቀላል አይደለም። እኔ ሥራ ስገባ እንደ ትልቅ ነገር የምናየው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ 5ኛ ፎቅ፦
እኔ ከገንዘቡ ልግባ። በ2012 መጀመሪያ የሳውዲው አክዋ ፓወር ለጋድና ለዲቸቶ፣ ሶማሌና አፋር ክልል ለታሰቡት ሁለት 125 ሜጋ ዋት ጣቢያዎች፣ ኃይሉን በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ልሽጥላችሁ ብሎ ነበር ያቀረበው። ያኔ ሁሉም "በነፃ ነው በሉት" አለ። ኮንትራቱ ግን በዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ ያቺ ዋጋ በብር 1 ከ44 ሳንቲም ትሆናለች። ዶላር መቶን ሲያልፍ ከ2 ብር ከ50 በላይ ሆነች። ፀሐይዋ አልተወደደችም፤ ብሩ ነው የወረደው። ውሉ ደግሞ የሃያ ዓመት ነበር። እኔ በብር ደሞዝ እየበላሁ ለሃያ ዓመት የዶላር ዕዳ መፈረም ያስፈራኛል። ግድቡን እኮ በቦንድ፣ በገዛ ብራችን ነው የሠራነው።

አወያይ፦
እዚህ ላይ አላስችል አለኝ። የአባይ ተርባይንስ በብር ተገዛ? ግልገል ጊቤ ሦስትስ የቻይና ብድር የለበትም? የዶላር ፍራቻሽ ልክ ነው፣ ግን ሶላርን ብቻ አትክሰሺበት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ልክ ብለሃል። ግን ግድብ ዕዳው ሲያልቅ ያንተ ነው። እዚህ ግን ፀሐይዋን የገዛ አገራችን ሰማይ ላይ እየገዛናት ነው።

ባለሱቁ፦
እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። አገሪቱ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ሰው ገና መብራት የለውም። በ2010 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ራሱ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ በሶላር እናዳርሳለን ብሎ ነበር፤ ያውም እስከ 2017። ታዲያ ሜዳ ሙሉ ፓነል ከመደርደር ለየጎጆው አንዳንድ አይታደልም? መሬት አይወሰድ፣ ምሰሶ አይተከል፣ ዶላር አይፈረም።

ባለ ምጣዷ፦
ይኸው! መርካቶ የሶላር መብራት የሚሸጠው ማን ነው? 😂

ባለሱቁ፦
ብሸጥስ? የምሸጠውን አውቀዋለሁ። አንድ ፓነል፣ አንድ ባትሪ፣ ሦስት አምፖል፣ ሞባይል መሙያ። ኩራዝ ያስጥላል። ልጅ ያስጠናል።

ባለ ምጣዷ፦
ምጣድስ ይጎትታል?

ባለሱቁ፦
...

ጋሼ፦
አይጎትትም። ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይበላል። እንጀራ የሚጋግር፣ ወፍጮ የሚያዞር፣ ውሃ የሚስብ ነገር ከተፈለገ ወይ ሚኒ ግሪድ፣ ማለትም ለአንድ መንደር ብቻ የሚሆን ትንሽ መስመር፣ ወይ ዋናው መስመር ያስፈልጋል። የባለሱቃችን ዕቃ ጥሩ ነው፤ ግን ለአምፖል ነው። ባትሪውም ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ሲሞት የት እንደሚጣል እግዜር ይወቅ።

ተማሪው፣ 4ኛ ፎቅ፦
አካባቢ ሳይንስ ነው የማጠናው፤ በዚህ በኩል እኛ ደጋፊዎቹም የምናጋንነው ነገር አለ። "ሶላር ካርቦን ይቀንሳል" ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ወይ ግብፅ ላይ አዎ። እኛ ጋር ግን መስመሩ ቀድሞም ውሃ ነው፤ የሚተካው ከሰል ማመንጫ የለም። እኛ አገር ጭሱ ያለው ማጀት ውስጥ ነው። መተሐራን አልፋችሁ ወደ አዋሽ ስትሄዱ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ የተደረደረውን ከሰል አይታችኋል? ያ ሁሉ ግራር ነበር፤ አሁን አሁን ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍም ተጨምሮበታል። ገዢው ደግሞ እኛ ነን፤ የዚህ ሕንፃ በረንዳ ላይ ስንት ምድጃ እንዳለ ቁጠሩ። ስለዚህ ጣቢያው ተተክሎ የአካባቢው ሰው በከሰልና በእንጨት ማብሰሉን ከቀጠለ፣ ለተፈጥሮ ያመጣው ነገር የተቆጠበ ውሃ ብቻ ነው። እሱም ቀላል አይደለም፤ ግን በልኩ እንናገረው።

ስለ መሬቱ፦ በግምት ለአንድ ሜጋ ዋት ሁለት ሄክታር ብትይዙ፣ 100ው 200 ሄክታር ነው። ለግድብ ሐይቅ ከሚሰጠው መሬት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ፓነል ሥር ጥላ ስላለ እርጥበት ቶሎ አይተንም፤ ሣር ይበቅላል፣ በግ ይሰማራበታል። ሌላ አገር የተለመደ ነው። ችግሩ አቧራው ነው። ፓነል አቧራ ሲለብስ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ለማጠብ ውሃ ይፈልጋል፣ ቦታው ደግሞ ደረቅ ነው።

የመተሐራው፣ 6ኛ ፎቅ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት ማን ስለ ሰዎቹ እንደሚናገር ላይ ብዬ ነው። ተማሪው "በግ" አለ፤ እሱም ይሁን።

እኔ እዚያ ነው ያደግሁት። ፓነል አልጠላም። ግን "200 ሄክታር ኢምንት ነው" ስትሉ ለከረዩ ሰው፣ ለዚያ አካባቢ አርብቶ አደር፣ ምን እንደሚሰማው ልንገራችሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዋሽ ፓርክ መጣ። በዚያው ዘመን የሸንኮራ እርሻው መጣ። ሁለቱም የያዙት ወንዙን ተጠግቶ ያለውን፣ በጋ ከብት የሚተርፍበትን መሬት ነው። ከዚያ በሰቃ ሐይቅ እያበጠ የቀረውን ይውጥ ጀመር። በ2017 ደግሞ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ አካባቢ ተናወጠ። እናንተ እዚህ ፎቅ ላይ አምፖሉ ሲወዛወዝ በነጠላ ጫማ ደረጃ ወረዳችሁ፤ እዚያ ምድር ተሰንጥቆ ሰው ቀዬውን ለቀቀ።

አርብቶ አደር መሬቱን በሄክታር አይለካም። ከብቱ ወደ አዋሽ የሚወርድበት መንገድ አለ። 200 ሄክታር አጥር እዚያ መንገድ ላይ ከቆመ የዘጋው 200 ሄክታር አይደለም፤ ከኋላው ያለውን ግጦሽ ሁሉ ነው። ካርታ ላይ ግን "ባዶ መሬት" ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አክስቴ የምትኖረው ከፍተኛው መስመር ሥር ነው። ዝናብ ሲመጣ ሽቦው ሲዝ ይሰማል። ማታ የምታበራው ባትሪ ድንጋይ ነው። ኃይሉ በላይዋ አልፎ ወደ እናንተ ይመጣል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ይኼ አልታየኝም ነበር። ግን ካሳ አለ አይደል?

ተማሪው፦
ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ይከፍላል። ለወል መሬትም ካሳ ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጁም፣ 299/1995፣ የሕዝቡ አስተያየት ይካተት ይላል። ወረቀቱ መጥፎ አይደለም።

የመተሐራው፦
ወተት በስንት ይባዛል? ለድርቅ ዓመት ተብሎ ሳይነካ የተተወ ሣርስ? ሦስቱ ዓመት ድርቅ ከነበረስ "ከፍተኛው ገቢ" ምንድን ነው? ደግሞ ካሳ አንዴ ይመጣል። የቆርቆሮ ቤትና ሞተር ይሆናል፤ ከዚያ ሰውየው የገዛ መሬቱ ላይ ጥበቃ ሆኖ ይቀጠራል። እሱም ከታደለ። ግንባታው ሲያልቅ ሶላር ብዙ ሰው አይፈልግም፤ ጥቂት ቴክኒሻን፣ ጥበቃና ፓነል አጣቢ ነው።

ባለ ምጣዷ፦
ይኼ የካሳ ነገር እንኳን እኔን አይለፈኝ። ከአሮጌው ሰፈር ስነሣ የተሰጠኝን ብር የበላሁት በስድስት ወር ነው። ቤት ተክቼ፣ ደንበኛ ግን ሳልተካ። እንጀራ የሚገዛኝ ሰው በካሳ አይመጣም።

አወያይ፦
ታዲያ መፍትሔ ስንል? "አይሠራ" ነው?

የመተሐራው፦
አላልኩም። አንድ ጊዜ ከፍሎ ከመገላገል ኪራይ ይሁን ነው የምለው።

ተማሪው፦
ሕንድ ውስጥ ፓቫጋዳ የሚባል ቦታ እንደዚያ አድርገዋል። ድርቅ የመታው አገር ነው። 2,050 ሜጋ ዋት፣ 13 ሺህ ኤከር ገደማ። መሬቱን አልገዙም፤ ከገበሬዎቹ ተከራዩት። በኤከር በዓመት 21 ሺህ ሩፒ፣ በየጊዜው የሚጨምር። ዝናብ ባይመጣም ኪራዩ ይመጣል። የመሬቱ ባለቤትነትም ከገበሬው አልወጣም።

እንከኑን ደግሞ ልናገር። ኪራይ የሚያገኘው መሬት ያለው ነው። በሰው ማሳ እያረመ፣ እያጨደ በቀን ሥራ የሚያድረው ባዶ እጁን ቀረ።

የመተሐራው፦
እኛ ጋር ደግሞ ግጦሹ የወል ነው። ኪራዩ ለማን ይገባል? ለቀበሌው? ለጎሳው? ለወጣቶች ማኅበር? ይኼ ሳይመለስ ብሩ ቢመጣ ጠብ ነው የሚያመጣው።

ጋሼ፦
እኔ ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። የአክስትህ ነገር ከነከነኝ። ከከፍተኛው መስመር በቀጥታ ጎጆ ላይ መቀጠል አይቻልም፤ ማውረጃ ጣቢያ ይፈልጋል። እሱ ውድ ስለሆነ ለትንሽ መንደር ብሎ ማንም አይሠራውም። ሰው ላይ በላዩ የሚያልፈው በክፋት አይደለም። ግን የሶላር ጣቢያ ሲሠራ እዚያው ማሠራጫ ጣቢያ መተከሉ አይቀርም። ያን ጊዜ የመንደሩን መስመር አብሮ መጎተት ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲታይ የቅመም ያህል ነው። በኋላ ልጨምር ብትል ግን በጀት ፍለጋ ስትዞር ዓመታት ይሄዳሉ። ስለዚህ ውሉ ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ፦ ከአጥሩ ዙሪያ ያለ መንደር ሳይበራ ጣቢያው አይመረቅም። እኔ የምደግፈው እንዲህ ከሆነ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ዶላሩን ግን አልለቅም። ከክፍያው ቢያንስ የተወሰነው በብር ይሁን።

ባለሱቁ፦
መስመሩ እስኪደርስ ደግሞ የእኔን አምፖል ይግዙ።

አወያይ፦
እኔ የተቀየርኩት አጥሩ ላይ ነው። ከብት መውረጃውን ትቶ ሁለት ቦታ ከፍሎ ማጠርስ? ጋሼ፣ ይቻላል?

ጋሼ፦
ለምን አይቻልም? ገመድ ይጨመራል እንጂ። ፓነል እንደ ግድብ አንድ ሸለቆ አይጠብቅም።

የመተሐራው፦
ቆይ፣ አክስቴ ጋ ደውዬ ነበር። ክርክራችንን ነገርኳት። ስለ ኪራዩም ስለ መብራቱም ብዙ አላለችም። "እንስሳቱ ሣሩ ላይ ይገባሉ ወይ?" አለችኝ።

ተማሪው፦
በግ ይገባል በላት። ፍየል ግን አይሆንም፤ ፓነሉ ላይ ትወጣለች፣ ገመድም ታኝካለች።

የመተሐራው፦
አክስቴ ያሏት አራት በጎችና አስራ አንድ ፍየሎች ናቸው። ሁለት ግመልም አለ።

ጋሼ፦
ግመሉን አላሰብኩትም።