ፍላሜንኮ የማን ነው? የሂታኖዎች ወይስ የአንዳሉሲያ?

አወያይ፦ የስፔኗ አንዳሉሲያ በ2007 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) ባጸደቀችው የራስ ገዝ ሕግ፣ ፍላሜንኮን (ዘፈን፣ ጊታርና ጭፈራ ያለበትን የስፔን ጥበብ) የመጠበቅና የማስተዋወቅ ብቸኛ ሥልጣን የኔ ነው ብላለች። ሂታኖ ከሚባሉት፣ በስፔን ከሚኖሩት የሮማ ብሔረሰብ ሰዎች ብዙዎቹ ግን «ከኛ ቤት የወጣ ነው» ይላሉ። እናንተስ?

ጊታር ወዳዱ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ማርቲኔቴ የሚባለውን የፍላሜንኮ ዘፈን ስሙት። ጊታር የለውም። አንድ ሰው ብቻውን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያንጎራጉራል፣ ከኋላው መዶሻ መስፉን ይመታል። የሂታኖ ቀጥቃጮች ዜማ ነዋ! በ1749 ንጉሥ ፈርናንዶ 6ኛ ሂታኖዎችን አሳፍሶ ወንዱን ለመርከብ መሥሪያ የጉልበት ሥራ ሲልክ፣ ሴቱንና ሕፃኑን ለብቻ ሲያስር፣ የዛሬው ባለቤት ነኝ ባይ የት ነበር?

ታሪክ ቆፋሪዋ፦ ግፉን ማንም አይክድም ወንድሜ። ግን ሮማዎች ሃንጋሪም ሩማንያም አሉ፣ እዚያ የሚጫወቱት ሌላ ሙዚቃ ነው። ፍላሜንኮ የበቀለው በአንዳሉሲያዎቹ ከተሞች በሴቪያ፣ ካዲዝና ሄሬስ ዙሪያ ነው። ፋንዳንጎ የሚባለውን የፍላሜንኮ ዘፈን የአካባቢው ገበሬም ይዘፍነዋል። ፍላሜንኮን ካፌ መድረክ ላይ ካወጡት ዋነኛው ዘፋኙ ሲልቬሪዮ ፍራንኮኔቲ አባቱ ጣሊያናዊ ነበር። ዝነኛው ጊታር ተጫዋች ፓኮ ዴ ሉሲያስ ሂታኖ ነው እንዴ?

ጊታር ወዳዱ፦ አይደለም። ግን ሲልቬሪዮ የተማረው ከሂታኖው ዘፋኝ ከኤል ፊዮ ነው ይባላል። ፓኮስ ከማን ጋር ነው ስሙ የገነነው? ከሂታኖው ዘፋኝ ከካማሮን ጋር!

ኮርዶባ ናፋቂ፦ አረቦቹን ረሳችኋቸው። ሙዚቀኛው ዚርያብ ያኔ በአረቦች ሥር ወደነበረችው የአንዳሉሲያ ከተማ ኮርዶባ የገባው እኮ በ822 ነው።

ታሪክ ቆፋሪዋ፦ ኧረ ባክህ! ከዚርያብ እስከ ፍላሜንኮ 1000 ዓመት ገደማ አለ። ከ1609 ጀምሮ ሞሪስኮዎች (ክርስትና የተጫነባቸው የስፔን ሙስሊሞች ዘሮች) ሲባረሩ፣ የቀሩት ከሂታኖዎች ጋር ተቀላቀሉ የሚለው ወሬ ደስ ይላል፣ ማስረጃው ግን ሳሳ ያለ ነው።

ዝምተኛው፦ በፍላሜንኮ በእጅ የሚመታው ሳጥንስ? ካሆን ይባላል፣ የፔሩ ጥቁር ሕዝቦች መሣሪያ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከዚያ ያመጣው ፓኮ ራሱ ነው። ጉዋሂራ የሚባለው ዜማ ደግሞ ከኩባ ነው። በናንተ አያያዝ ፔሩም ኩባም ድርሻችንን ሊሉ ነው።

አወያይ፦ ወደ ሕጉ እንመለስ እስቲ።

ታሪክ ቆፋሪዋ፦ እዚህ ላይ እንኳ ከጊታር ወዳዱ ጋር ነኝ። ዩኔስኮ በ2010 ፍላሜንኮን ሲመዘግብ የሂታኖዎችን ሚና በስም ጠቅሷል። የ2007ቱ አንቀጽ ግን «የአንዳሉሲያ ባህላዊ ቅርስ ልዩ አካል» ብሎ ያልፋል። ክልሉ ያስተዳድር፣ ስማቸው ግን ይጻፍ።

ጊታር ወዳዱ፦ ስም ብቻ? የፌስቲቫል በጀት ሲደለደል ማን ነው የሚወስነው?