ከዕፅዋት ስም የጠፉትን ሰዎች በምስል እንዴት ላሳይ?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የጥበብ ጥናት ይዤ ወራት አልፈውኛል፣ አሁን ግን ተጣብቄ ቀርቻለሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዕፅዋትን በሁለት ቃል መጥራትን ካደላደለ ወዲህ በብዙ ተክሎች ስም ውስጥ የምናገኘው የሰብሳቢና የምሁር ስም ነው። ተክሉን ያሳዩት፣ መድኃኒትነቱን የነገሩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ የሉም። ኳሲያ አማራ የምትባለው ተክል እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ከቀረባቸው ከጥቂቶቹ አንዷ ናት፤ ስሟ የመጣው ደቡብ አሜሪካ ባለችው ሱሪናም ውስጥ በባርነት ከኖረው መድኃኒት አዋቂ ከኳሲ ነው። ተክሎችንና ነፍሳትን ትስል የነበረችው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያንም በ1699 እዚያው ሱሪናም ሄዳ ስትስል ከአገሬው ተወላጆችና በባርነት ከነበሩ ሴቶች ስለ ተክሎቹ ብዙ ሰምታለች። የነዚያን ሴቶች ስም ግን ማን ያውቃል? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

የምሠራው በሳያኖታይፕ ነው፣ እንግሊዛዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ አና አትኪንስ በ1843 የባሕር አልጌዎችን ባተመችበት ዘዴ። ቅጠሉን ኬሚካል በተቀባ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ፀሐይ ማስመታት፣ ከዚያ በውኃ ማጠብ ነው። ቅጠሉ የሸፈነው ነጭ ይቀራል፣ ዙሪያው ሰማያዊ ይሆናል። ያ ነጭ ቦታ የጠፉትን ሰዎች እንዲያሳይ ነበር ሐሳቤ፤ ያዩት ሁሉ ግን «የሚያምር ቅጠል» ብለው ያልፋሉ። ጽሑፍ ስጨምርበት ደግሞ የመማሪያ ፖስተር መሰለ።

ምስልና ጽሑፍ አብራችሁ የሠራችሁ፣ ቃሉን የት አስቀመጣችሁት? በነዚያ ሴቶች ስም መናገርም አልፈልግም። ሌላው፣ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ኬሚካል) ያለበት ወረቀት ሰማያዊውን ስለሚያደበዝዘው የትኛውን ወረቀት ትጠቀማላችሁ?