ጋላክሲ ያለ ቴሌስኮፕ ፎቶ ይነሳል?

ጀማሪው፦
ሰላም ናችሁ። ያለኝ አሮጌ ካኖን ካሜራ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና የምትወዛወዝ ትራይፖድ ናት። ትናንት ማታ ኮተቤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንድሮሜዳ የሚባለውን ጋላክሲ ላነሳ ሌንሱን 30 ሰከንድ ከፈትኩት። የወጣልኝ ብርቱካናማ ሰማይና ትል የመሰሉ ኮከቦች ናቸው። ብርዱ ሌላ! ቴሌስኮፕ ካልገዛሁ አይሆንም ማለት ነው?

ኮከብ ቆጣሪው፦
ብርህን ያዝ። አንድሮሜዳ ትንሽ ሆና አይደለም ያልታየችህ፤ ወርዷ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ያስደረድራል። ችግሩ ድብዝዝ ማለቷ ነው። ትሉ የመጣው ደግሞ ምድር ስለምትዞር ነው። ሌንስህን በ1.6 አባዛ (ሴንሰርህ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ትንሹ ዓይነት ከሆነ)፣ 500ን ለዚያ አካፍል፣ 6 ሰከንድ ገደማ ይመጣል፤ ኮከቦቹ ትል ሳይመስሉ ልትከፍተው የምትችለው እስከዚያ ነው። እኔ ግን ከ4 አላልፍም። እሷን 4 ሰከንድ 200 ጊዜ አንሳና ዲፕ ስካይ ስታከር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደራርባቸው፣ የ13 ደቂቃ ብርሃን ሰበሰብክ ማለት ነው። ስትጨርስ ሌንሱን ክደንና በዚያው ሴቲንግ 20 ጥቁር ፎቶ ጨምር፤ ካሜራው ራሱ የሚፈጥረውን ነጠብጣብ ፕሮግራሙ በነሱ ይቀንሰዋል። ትራይፖዷ ላይ ቦርሳህን አንጠልጥል፣ በጣትህም አትጫን፣ ታይመር ተጠቀም።

ሌሊት ወፍ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ግን ምን አስቸኮለህ በአንድሮሜዳ? በኦሪዮን ኔቡላ ጀምር፤ ጋላክሲ ሳይሆን የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። በጥር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አናትህ ላይ ነው፣ ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች አጠገብ። ደማቅ ስለሆነ የከተማ መብራትም ያን ያህል አይበግረውም። አንድሮሜዳ በኅዳር ማታ ከከተማ ወጥተህ፣ ጨረቃ በሌለችበት ቀን ነው የምትነሳው። (በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይሏታል፣ ኩራቷ ከዚያ ይሆናል።)

ሰሜን ያጣው፦
ኮከብ የሚከተለውን ሞተር እንዳትገዛ ብቻ! እኔ ገዝቼ ጉድ ሆንኩ። መሣሪያው በሰሜን ኮከብ ነው የሚስተካከለው፣ አዲስ አበባ ላይ ኮከቡ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ከኔ ግቢ ደግሞ እንጦጦ ጋርዶታል።

ጀማሪው፦
ሃሃ አይዞህ። በቃ በኦሪዮን እጀምራለሁ፣ ሰፈራችን መብራት የጠፋ ቀን ጣሪያ ላይ ነኝ።