የአያቴ ሁለት ፎቶግራፎች፦ የትከሻው ዓርማ የየትኛው ጦር ነው?

ጥያቄ፣ ከወታደሩ የልጅ ልጅ፦
የእናቴ አባት የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ከእርሳቸው የቀሩን ሁለት ፎቶግራፎች ሲሆኑ በቤታችን ሁለቱም «የኮሪያ ፎቶ» ይባላሉ። በአንደኛው የግራ ትከሻቸው ላይ ክብ፣ ጠቆር ያለ ነገር ተሰፍቷል፤ በአጉሊ መነጽር ሳየው ውስጡ ሌላ ቅርጽ ያለ ይመስላል፤ ግን አይለይም። ደረታቸው ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ሪባን አለ። በሁለተኛው ጎልመስ ብለዋል፤ የደፉት የብረት ቆብ ነጣ ያለ ነው፤ በግንባሩ በኩል በቅጠል የታቀፈ የዓለም ካርታ ይታያል። ስለ ዘመቻቸው አንድም ቀን አላወሩንም። የት እንደቆሙ አውቄ ለልጆቼ በእርግጠኝነት መንገር እፈልጋለሁ።

መልስ፣ ከአሮጌ ሰነድ፦
እኅቴ፣ የመጀመሪያው ኮሪያ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ይዘሻል። በ1943 ዓ.ም. የኮሪያ ወደብ ፑሳን የደረሰው የኢትዮጵያ ዘማች ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው። የዚያ ክፍለ ጦር ዓርማ ቀይ ክብ ሲሆን፣ በመሐሉ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ። ቀይና ጥቁር በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ተቀራራቢ ጥቁረት ስለሚኖራቸው ነው ቅርጹ የጠፋብሽ። ፎቶግራፉን ቢያንስ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን አድርገሽ ንፅፅሩን ከፍ አድርጊና እዪው። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ መስመሮች የሚፈራረቁበት የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ሳይሆን አይቀርም። ሜዳዩ ራሱ ከተረፈ ጀርባውን ገልብጪ፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ይህንን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የቅጂ ነገርም አለ። አንዳንድ ፎቶግራፍ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። የወንድ ኮት የግራው ጎን በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው፤ በፎቶግራፉ ተቃራኒው ከሆነ የ«ግራ» ትከሻው ቀኝ ነው ማለት ነው።

መልስ፣ ከጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ልጄ፣ ሁለተኛውን ኮሪያ ብለሽ ለልጆችሽ እንዳትነግሪ። የተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ የብረት ቆብ የመጣው በ1949 ዓ.ም. በግብጽ የስዊዝ ቦይ ቀውስ ጊዜ ነው፤ የኮሪያ ውጊያ ግን በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ቆሟል። ፈዛዛ ሰማያዊ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነጣ ብሎ ይወጣል። አያትሽ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮንጎ ከዘመተው ጦራችን ጋር ሳይሆኑ አይቀሩም። ለኮንጎ ዘማች ይህን ያህል እንኳ የሚያስታውሰው ሰው ማጣቱ ያሳዝነኛል፤ የኮሪያው ስም ሁሉን ይሸፍነዋል። ከጀርባው ማኅተም አለ?

የወታደሩ የልጅ ልጅ፦
ጋሼ፣ አለ! በፈረንሳይኛ የተጻፈ የፎቶ ቤት ማኅተም ነው፤ ግማሹ ጠፍቶ መጨረሻው «ቪል» ይላል።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
የኮንጎ ከተሞቹ ሊዮፖልድቪልም ስታንሌይቪልም ስማቸው በዚያው ያበቃል። የእኛ ጦር ስታንሌይቪል ገብቶ ነበር፤ ቢሆንም በግማሽ ማኅተም አትወስኚ። መብራት ከጎን አጋድመሽ አብሪበትና ማኅተሙ ወረቀቱን ተጭኖ የተወውን ዱካ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልን። በብዕር እንዳትነኪው።