ጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር አብሮ ሲገኝ የት ይታከማል? በቱቦ ለመመገብስ ምን ይገዛል?

እናትሽ ሁለት ቦታ ካንሰር እንዳለባቸው ሰምተሽ ምን ላድርግ ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ አባዬን ሳስታምም ያየሁትን ልንገርሽ። ሌሎቻችሁም የምታውቁትን ጨምሩበት።

መጀመሪያ አይዞሽ። ሁለቱ አብረው ተገኙ ማለት የግድ ካንሰሩ ተሰራጨ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ሲጋራና አልኮል የጉሮሮንም የምግብ ቧንቧንም ሽፋን ስለሚጎዱ፣ በየራሳቸው የበቀሉ ሁለት ካንሰሮች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲያ ከሆነና በጊዜ ከተደረሰበት ለማዳን ብሎ ማከም ይቻላል።

አባዬን መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ ጉሮሮውን ብቻ አዩለት። «እንጀራው ደረቴ ላይ ይቆማል» ሲል የሰማው የለም። የምግብ ቧንቧው የታየው ጨረር ሊጀምር ሳምንት ሲቀረው ነው። ዕቅዱ በሙሉ እንደገና ተሠራ። ስለዚህ የአንገት በላይ ሐኪሙ ጉሮሮውን ሲያይ፣ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን ማየት) እስከ ጨጓራ ይሠራላቸው ብለሽ ጠይቂ። ናሙና ከሁለቱም ቦታ ይወሰድ።

የት ለሚለው፣ እኔ ጥቁር አንበሳን እመርጣለሁ። የአንገት በላዩ፣ የካንሰሩና የቀዶ ሕክምናው ሐኪሞች እዚያው ስላሉ ስለ አንድ ታማሚ አብረው መነጋገር ይችላሉ። ለዚህ በሽታ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ስለነበር ግን ወረፋው ረጅም ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም የጨረር ሕክምና አለ፤ ለናንተ የሚቀርበውን ጠይቂ። የግል ሆስፒታል ለኢንዶስኮፒ፣ ለሲቲ ስካንና ለናሙና ምርመራ ጊዜ ይቆጥባል። ታዲያ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ። የናሙናውን ብሎክና ስላይድም (ናሙናው ያለበትን የሰም ቁራጭና መስታወት) ተቀበያቸው፤ ሌላ ቦታ እንደገና ሊያዩት ይፈልጋሉ።

ጨረሩ ለጉሮሮ ብዙ ጊዜ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ በ7 ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ለምግብ ቧንቧ 50 ግሬይ አካባቢ። ሁለቱ ቦታዎች ከተጠጋጉ ጨረሩ እንዳይደራረብ በአንድ ዕቅድ መሠራት አለበት። አቅማቸው ከፈቀደ ኬሞ አብሮ ይሰጣል። የምግብ ቧንቧው ካንሰር ገና ላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ በኢንዶስኮፒ ሊነሳ ይችላል። ጨረር ከመጀመሩ በፊት ጥርሳቸውን አሳዪ፤ በኋላ ጥርስ መንቀል አደገኛ ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው 7 ሳምንት አዲስ አበባ መክረም ከባድ ስለሆነ፣ ማረፊያ ለማግኘት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ።

አሁን ወደ ምግቡ። መዋጥ ካቃታቸው በቱቦ ይመገባሉ። በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ቶሎ ይገባል፣ ለጥቂት ሳምንት ይበቃል፤ ግን ያስጨንቃል። በሆድ በኩል የሚገባው ለረጅም ጊዜ ይሻላል። የምግብ ቧንቧቸው በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከሆነ ግን ጨጓራው ለምትኩ ስለሚያስፈልግ፣ ቱቦው የት ይግባ የሚለውን ቀዶ ሐኪሙ ይወስን። ስቴንት (የጠበበውን የምግብ ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ደግሞ በአብዛኛው ለማዳን ሳይሆን መዋጥ ላቃተው ሰው ማቅለያ ነው።

ፋርማሲ የሚሸጠው የዱቄት ምግብ ቱቦ ብዙም አይዘጋም፤ ዋጋው ግን ይጎዳል። እኛ ሌሊት ለሌሊት እሱን፣ ቀን የአጃ አጥሚት በወተት እንሰጠው ነበር። አጥሚቱን ሁለት ጊዜ በወንፊት አጥልዪ። በሶ ይወፍራል፤ አንድ ቀን ቱቦውን ዘግቶብን ተመልሰን ሆስፒታል ሄደናል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በትልቁ ስሪንጅ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ስደጂበት። በሁዳዴ አባዬ ወተት እምቢ ብሎን፣ የንስሐ አባቱ ቤት ድረስ መጥተው ፈቀዱለት። እናትሽም እንዲያ ካሉ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሕመሙ ከጠና አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ሕመም የሚያስታግስ ድርጅት አለ፤ ነርሶቹ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ሞርፊን አትፍሪ፤ ሐኪም ባዘዘው ልክ ሲሰጥ አባዬ እንቅልፍ የወሰደው ያኔ ነው።

ኢንዶስኮፒው መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። ያልተከፈቱ ስሪንጆች እቤት አሉ፣ መጥተሽ ውሰጂ።