ቡቺን ይዘን ዲሲን ስንዞር ዋልን

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻ ይዞ ዲሲን መጎብኘት ይቻላል ወይ ላልሽው እህቴ፣ በደንብ ይቻላል። ብቻ ሙዚየም አያምርሽ። የዲሲን ትልልቅ ሙዚየሞች የሚያስተዳድረው ስሚዝሶኒያን ዓይነ ስውራንን እንደሚመሩት ዓይነት የሠለጠኑ ውሾች ካልሆኑ በቀር አያስገባም።

እኛ ከፊላደልፊያ በአምትራክ ባቡር ነው የሄድነው። ውሻው ከነቦርሳው ከ20 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። የኛ ቡቺ ከበዓል ወዲህ ወፈር ስላለ ሚዛን ላይ ሳወጣው ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ለጥቂት አለፈ። ዲሲ ሜትሮም ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ችግር የለም። በማሰሪያ እየጎተቱ መግባት ግን አይፈቀድም።

ዩኒየን ስቴሽን ወርደን በእግራችን ወደ ካፒቶል፣ ከዚያ ሐውልቶቹና ሙዚየሞቹ ወዳሉበት ሰፊ መስክ፣ ወደ ናሽናል ሞል። እዚያ ማሰሪያው ከ6 ጫማ እንዳይረዝም እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። እስከ ሊንከን መታሰቢያ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ቡቺ አንዷን ዛፍ እንኳ ሳያሸት ስለማያልፍ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ደግ ሆነ፣ ሌላ ጊዜ እንግዳ ይዤ ስመጣ ፎቶ አንስቼ፣ ተሯሩጬ፣ ምኑንም ሳላይ ነው የምመለሰው። የሊንከን ሐውልት ያለበት አዳራሽ ውሻ አይገባም። ባለቤቴ ታች ይዞት ቀረ፣ እኔ ወጣሁ፣ ከዚያ ተቀያየርን። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ቆሞ የተናገረበት ደረጃ ላይ ጽሑፍ ተቀርጿል። እሱ ላይ ቆሜ እንባ እንባ ሲለኝ ቡቺ ከታች «የት ጥለሽኝ ሄድሽ» በሚል ጩኸት ሰውን ሁሉ አሳቀ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የፕሬዝዳንት ሩዝቬልትን መታሰቢያ ነው። አዎ፣ ጃንሆይ በ1945 ጦር መርከብ ላይ ያገኟቸው ሩዝቬልት። ከሐውልታቸው እግር አጠገብ ፋላ የሚባለው ውሻቸው በነሐስ ተሠርቶ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ተቀምጧል። ሰው እየደባበሰው ጆሮው አብረቅርቋል። ከጥበቃ ጋር ላለመጨቃጨቅ እዚህም ተራ በተራ ነው የገባነው፣ ስለዚህ የነሐሱ ውሻ ውስጥ፣ የኛው ውጪ። ለእናቴ በቪዲዮ ደውዬ ባሳያት «ለውሻ ሐውልት? ወይ ጉድ!» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «የጃንሆይን ውሻ ሉሉን ረሳሁት እንዴ፣ ከሚኒስትሩ በላይ እኮ ነበር የሚከበረው» ብላ ሳቀች።

ምሳችን ወደ እራት ተጠግቶ ዩ ስትሪት ሆነ። እዚህ ላይ ምክሬን ስሚኝ፣ ውጪ መቀመጫ ያለው ሁሉ ውሻ ይቀበላል ማለት አይደለም። አንዱ የሐበሻ ቤት በስልክ «ኑ» ብሎን፣ ስንደርስ «ትንሽ ልጅ መስሎኝ ነው» አለን። ቡቺ የሰው ስም መሰለው መሰለኝ! ሁለተኛው ቤት ግን አስተናጋጇ ሳንጠይቃት ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አመጣችለት። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል፣ እንዳትሳሳቺ፣ እኛ ቁራሽ እንኳ አላቀመስነውም። አኩርፎ ፊላደልፊያ እስክንደርስ ቦርሳው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ተኛ።