የመርሳት ሕመምተኛ ለሚያስታምሙ አባላት እድራችን ምን ያድርግ? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ እዚሁ አብረን እናርቅቀው። እስካሁን የቀረበው፣ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ላለበት ቤት በየወሩ የዳይፐርና የመድኃኒት መደጎሚያ ገንዘብ እንስጥ የሚል ነው። የማትስማሙበትን ከነምክንያቱ ጻፉ።

የጤና ንዑስ ኮሚቴ (ነርስ)፦ በገንዘቡ አልስማማም። አስታማሚን የሚጥለው እንቅልፍ ማጣትና ከቤት መውጣት አለመቻል ነው። የባንክ ጉዳይ፣ ለቅሶ፣ የራስ ሕክምና ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ የምንሰጠው ሰዓት ይሁን፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚገቡ ተተኪዎች። ጠዋት ያልኩት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ብዙዎቹ ታማሚዎች ስለሚቅበጠበጡና ባዕድ ፊት ሲጨመር ስለሚብስባቸው ነው። ሁለት ያልኩት ደግሞ አንዱ ሰውየውን ሽንት ቤት ሲያደርስ ሌላው ምድጃውንና በሩን እንዲያይ ነው። በዚያ ላይ ታማሚ ቦርሳውን ራሱ ደብቆ «ሰረቃችሁኝ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ምስክር ያስፈልጋል። ተተኪው «አልሰረቅኩም» ብሎ ሙግት አይግጠም፤ «እስቲ አብረን እንፈልግ» ብሎ ይነሣ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉብኝቶች አስታማሚው ባለበት ይሁኑ። ቤተሰቡም አንድ ገጽ ይሙላ፦ ምን ተብለው ሲጠሩ ደስ ይላቸዋል፣ መነጽር ወይም የጆሮ መሣሪያ አላቸው ወይ፣ መድኃኒታቸው በስንት ሰዓት ነው፣ ጾም ላይ ምን ይበላሉ፣ ምን ያስደነግጣቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ያልሠለጠነ ሰው ልከን አንድ ነገር ቢደርስ እድሩ ይጠየቃል። ምን ምን ይማራሉ?

ነርሷ፦ ትክክል ነዎት ጋሼ፣ ሳይሠለጥን ማንም አይግባ። ከሁሉ በፊት ማብላት። ታማሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩ ሽቅብ አይቀናም፣ ጉርሻው ትንሽ ይሆናል፣ የፊተኛው መዋጡ ሳይታይ ሌላ አይሰጥም። እኛ አገር ሰው የሚወደውን በትልቅ ጉርሻ ነው የሚያጎርሰው፤ እዚህ ግን ያ ጉርሻ ያንቃል። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅሩ፣ በሽሮ የራሰ ፍትፍት ይሻላል። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይተኙ ይቆዩ። ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው ጉሮሮ ውስጥ ውኃ እንደቀረ የሚንኮሮኮር ከሆነ ሐኪም ይያቸው፤ ቀጭን ፈሳሽ ከወፈረው ቀድሞ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፣ የሳንባ ምች የሚመጣውም በዚያ ነው።

ቀጥሎ ድንገተኛ ለውጥ። የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ነው የሚገፋው። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ግራ ከተጋባ፣ ከፈዘዘ ወይም የሌለ ነገር ካየ «እርጅናው ጠናበት» ተብሎ አይተው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባው የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ መድኃኒት ይገኛል። ለእንቅልፍ የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን ወይም ለጉንፋን የተገዛ ክሎርፌኒራሚን አእምሮን ሊያደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲኬድ ቤት ያለው መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይያዝ። ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከነበረ፣ ሳምንታት ቢያልፉም ይነገር፤ ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላል።

የካዛንቺስ ተወካይ፦ የመጥፋት ጉዳይ ተዘለለ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ የተነሡ አባላት አሁን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ታማሚ «ቤቴ ልሂድ» ብሎ ሲወጣ የሚፈልገው የድሮውን ቤት ነው፤ ሰፈሩ ደርሶም የሚያውቀው ምልክት ሁሉ ፈርሷል። ስለዚህ ፍለጋው ከሁለት ጫፍ እኩል ይጀመር። አዲሱ ሰፈር ያሉት በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ሽንት ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የጎረቤት ቤቶችን፣ ክፍት ጉድጓዶችን ይዩ። አንድ ሰው ቤት ይቆይ፣ ራሳቸው ሊመለሱ ይችላሉ። በድሮው ሰፈር ዙሪያ የቀሩት አባላት ደግሞ የድሮውን ቤት ቦታ፣ ይሳለሙት የነበረውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ይሰግዱበት የነበረውን መስጊድ፣ የድሮ መሥሪያ ቤታቸውን ያስሱ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኙ ለፖሊስ በ991 ይደወል፤ «24 ሰዓት እንጠብቅ» የሚባል ነገር በረቂቁ ውስጥ እንዳላይ።

ለዚህ ከወዲሁ የሚዘጋጀው የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ የድሮ አድራሻዎች ዝርዝርና የቤተሰብ ስልክ ነው። የስልኩ ቁጥር በክር በኮቱ ውስጠኛና በጋቢው ጫፍ ይጠለፍ። ወረቀት ኪስ ውስጥ ቢከቱ አውጥተው ይጥሉታል። የቤት አድራሻ ግን አይጻፍ፤ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው።

ጸሐፊ፦ አንዳንድ ቤት ከውጭ ይቆልፉባቸዋልና እሱስ?

የካዛንቺስ ተወካይ፦ ሰው ብቻውን ተቆልፎበት አይተው፤ እሳት ቢነሣ ማን ያወጣዋል? በር ሲከፈት የሚጮህ ቃጭል ይበቃል። የከሰል ምድጃም እሳቱ እንዳለ ቤት ውስጥ አይደር፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ማታ ከሶኬቱ ይነቀል።

ገንዘብ ያዥ፦ ለዕቃም እንመድብ። ድስትና ድንኳን እንደምናውሰው ሁሉ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሁለት የመፀዳጃ ወንበር፣ ሁለት የመታጠቢያ ወንበር በዕቃ ቤት ይመዝገቡ። መሐሉ ክፍት የሆነ የጎማ መቀመጫም የጠየቁ አሉ።

ነርሷ፦ ጎማው ይቅር። ጠርዙ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚጫን፣ ብዙ ከመተኛትና ከመቀመጥ የሚመጣውን ቁስል ያብሳል። አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጎ ተረከዙን ከፍራሹ ማንሣት ይበልጣል። የመፀዳጃ ወንበሩ ግን በጣም ያስፈልጋል፤ የጋራ ሽንት ቤት ባለበት ግቢ ሌሊት በጨለማ ሲወጡ ነው የሚወድቁት።

የሕግ ጉዳይ ተከታታይ፦ አንድ አንቀጽ ብቻ እጨምራለሁ። ውክልና የሚሰጠው ሰውየው የሚፈርመውን እያወቀ ሳለ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ችሎታ ሲያጣ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ይቋረጣል። ሕመሙ እንደታወቀ ቤተሰብ የሕግ ባለሙያ ያማክርና ይህን በውክልናው ያስጽፍ። ጊዜው ካለፈ የሚቀረው በፍርድ ቤት ሞግዚት ማሾም ነው።

ነርሷ፦ ስለ ጸበልም አንድ መስመር ይግባ። መሄዱን ማንም አይከልክል፤ ብቻ መድኃኒት አይቋረጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ብዙ አይቆዩ፣ ወለሉ ስለሚያንሸራትት የሚደግፋቸው ሰው ይኑር።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሁን። ወርሃዊ ድጎማው ተሰርዞ ገንዘቡ ለዕቃ ግዥና ለተተኪዎች ትራንስፖርት ይዙር። ከአራት ኪሎ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን በራስህ ኪስ ተመላለስ ቢባል ከሁለተኛው ወር በኋላ ማንም አይመጣም። የዕቃውን ፕሮፎርማ እኔ ሰብስቤ አመጣለሁ። ጸሐፊያችን ደግሞ በየሰፈሩ ስንት ተተኪ እንደሚገኝ ስም ይመዝግቡ።